የጋሼ ታክ መቶ ደቂቃ

ጉንሳን ከተማ ውስጥ፣ ሌላው ቢቀር በእኛ ሰፈር፣ ጋሼ ታክ ቦንግጉን የማያውቅ የለም። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ቤቱ ከፀጉር ቤቴ ፊት ለፊት ስለሆነ በሩ ሲከፈት በመስታወቴ ውስጥ ይታየኛል፤ ቢጎዲን እየጠቀለልኩ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ አውቃለሁ። ወሬኛ ነሽ የሚለኝ ካለ ይበል፤ ቤቱን እዚያ ያቆመው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ቁጠባውን ልንገራችሁ። የጥርስ ሳሙናው ሲያልቅ ቱቦውን በመቀስ ቀዶ ውስጡን ይፍቃል። አንዴ የተነከረ የሻይ ከረጢት ገመድ ላይ አስጥቶ ለማግስቱ ያቆየዋል። ብርድ ሲገባ ቤቱን ላለማሞቅ በጠዋት እኔ ጋ ይመጣል፣ ማሞቂያው አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ይጎለታል፣ ስልኩንም በእኔው መብራት ቻርጅ ያደርጋል። "ጋሼ፣ ኪራይ ልጠይቅህ ነው" ስለው "መጀመሪያ የፀጉር መቁረጫሽን ዋጋ ቀንሺ" ይለኛል። ፀጉር ደግሞ የለውም።

የዚህን ሰው ልብ ግን እንደ ቆጣቢ ስልክ፣ ትንንሽ ኩባንያዎች በርካሽ እንደሚሸጡት መስመር፣ ያሞቀው ነገር አልነበረም። የትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች ስም ሲነሳ ደሙ ይፈላል። ደንበኛ ካስክ ውስጥ ጭንቅላቷን አስገብታ መሸሻ ስታጣ ጠብቆ ይጀምራታል። አንድ ቀን እትዬ ፒዮን እንዲህ ሲይዛት አጠገቡ ነበርኩ።

"ስልክሽን አምጪ እስቲ። በወር ስንት ደቂቃ ታወሪያለሽ?"

"እኔ ምኑን አውቄ፣ ጋሼ።"

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው? ልጆችሽ ይደውላሉ ወይስ አንቺ ነሽ የምትደውዪው?"

"ትልቋ ትደውላለች። ትንሹ..."

"ትንሹ አይደውልም። ስለዚህ አንቺ ትደውያለሽ፤ ስለዚህ ብዙ ደቂቃ ያስፈልግሻል። ዳታ አትፈልጊም፤ ያልተገደበ ጥሪ ያለው ይሁንልሽ።"

"እሱስ ይሁን፤ ኔትወርኩ ቢጠፋብኝስ? እነዚያ ትንንሾቹ አንቴና እንኳን የላቸውም አሉ።"

ጋሼ ታክ የሚጠብቃት ጥያቄ ይቺው ነበረች፤ ከወንበሩ ብድግ አለ። "የላቸውማ! ከትልልቆቹ በጅምላ ይገዙና ላንቺ ይቸረችሩልሻል። ሩዙ ያው፣ ድስቱ ያው! ትልልቆቹ ጋ የምትከፍዪው ለጠረጴዛ ልብሱ ነው። አንቺ ሩዝ ነው የምትበዪው ወይስ ጨርቅ?"

እትዬ ፒዮ ፀጉሯ በቅጡ ሳይደርቅ ፖስታ ቤት ተወሰደች። ቆጣቢ ስልክ የሚሸጠው እዚያ መስኮት ነው፤ ፀሐፊዋም ጋሼ ታክን ከሩቅ ስታየው ወረቀት ማዘጋጀት ትጀምራለች። በዚህ ዓይነት ግማሹን ሰፈር ቀየረው። እኔን ቀየረኝ፤ የተጠበሰ አሳ የሚሸጠውን ኩክ ዮንግዳልን ቀየረው፤ ኩክ ትልቁ ኩባንያ ለነባር ደንበኞቹ በየጊዜው የሚልክለት ነፃ የሲኒማ ትኬት ስለቀረበት እስከዛሬ ያለቅሳል። ሂሳባችን ግን ቀነሰ፤ ውሸት አልናገርም።

ጉዱ ምን መሰላችሁ? ራሱ ጋሼ ታክ አልቀየረም።

ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቀን ሰው ሲጠፋ ጠብቄ፣ "ጋሼ፣ አንተስ የየትኛው ቆጣቢ ነህ?" ብዬ ጠየቅሁት፣ እንዲያው ለወሬ ያህል። ፊቱ ተለዋወጠ። የእኔ ነገር፣ ካልነገርከኝ ብዬ ወጥሬ ያዝኩት።

ነገሩ የቤተሰብ ጥቅል ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ባልና ሚስትን ከነልጆቻቸው ባንድ ስም ያስሩና ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ይቀንሱላቸዋል፤ ዋናው መስመር ከወጣ ግን ጥቅሉ ይፈርሳል፣ የሁሉም ቅናሽ ይቀራል። የጋሼ ታክ ጥቅል ውስጥ ሚስቱ ነበረች፣ እሷ ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። አሁን የቀሩት እሱና አንድ ልጁ ዱሆ ናቸው። ዱሆ ሴኡል ነው የሚኖረው፣ ሊፍት ይጠግናል። አባትና ልጅ ደግሞ ከቀብሩ ወዲህ አይነጋገሩም።

የተጣሉበትንም ነገረኝ፤ እኔም በመስታወቴ ያየሁት ነበር። ከቀብሩ በኋላ ዱሆ ለአባቱ አዲስ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝቶ አስመጣ። ጋሼ ታክ ማሽኑን ደጃፍ ላይ አስቁሞ "መልሱት፣ ለአንድ ሰው ልብስ ምን ማሽን ያስፈልጋል?" አለ። ልጁ ያኔ አበደ። አሮጌው ማሽን ከተበላሸ ጀምሮ እናቱ በዚያ ብርድ በእጇ ስታጥብ ነው የኖረችው። "እናቴን የገደላት ያንተ ቁጠባ ነው!" ብሎ ጮኸ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። አባትዬውም "ውጣልኝ!" አለው። ልጁ ወጣ፣ ማሽኑም ተመልሶ ሄደ።

"እንግዲህ ማልጃ፣" አለኝ ጋሼ ታክ፣ ዓይኑን ማሞቂያው ላይ ተክሎ፣ "እኔና እሱ አንድ ላይ የተጻፍነው እዚያ ጥቅል ላይ ብቻ ነው። ሂሳብ በመጣ ቁጥር የሱ ቁጥር ከእኔ ሥር አለ። አለ ማለት ነው። ገባሽ?"

ገባኝ። የሻይ ከረጢት የሚያሰጣው ሰው ለዚያች መስመር ከእኔ አራት እጥፍ ይከፍል ነበር።

እንግዲህ ምስጢሩ በእኔ በኩል አልወጣም፣ ይታወቅልኝ! ያወጣው የራሱ ስልክ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቴ በሰው ጢም ብሏል፤ ሦስት ሴቶች ቢጎዲን ላይ ናቸው፣ ኩክም የአሳ ሽታውን ይዞ ወሬ ሊቃርም ገብቷል። የጋሼ ታክ ስልክ መደርደሪያው ላይ ቻርጅ እየተደረገ መልእክት ገባ። የሽማግሌ ስልክ ነው፤ ፊደሉ ባቄላ ባቄላ ያክላል። ኩክ አንገቱን አስግጎ ጮክ ብሎ አነበበው።

"'ለሃያ ዓመት አብረውን ለቆዩት ክቡር ደንበኛችን፣ ሁለት የሲኒማ ትኬት በነፃ'... ምን?!" ኩክ ዞረ። "ምን አልክ አንተ ሰውዬ? ሲኒማ? የእኔን ሲኒማ አስቀምተህ አንተ ሲኒማ ትገባለህ?"

"አልገባም፤ ገብቼም አላውቅ" አለ ጋሼ ታክ።

"ትኬቱን ታዲያ ምን አረግከው? ገመድ ላይ አሰጣኸው?"

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እትዬ ፒዮ ከካስኩ ሥር ብቅ ብላ፣ "አንተ እኮ ለጠረጴዛ ልብስ አትክፈዪ ብለኸኝ ነበር፣ ጋሼ! ለካ ያንተ ጠረጴዛ ሐር ለብሷል!" አለችው።

"ከፖስታ ቤቱ ኮሚሽን ይበላል እንጂ!" አለ ኩክ። "ሃያ ሰው ወስዶ ራሱ የማይገባበት ምን ዓይነት ነገር ነው? አስተናጋጁ የማይበላበት ቤት እኔ አልበላም!"

ጋሼ ታክ አየኝ። ዓይኑ ልጄን እንዳታነሺብኝ ይላል። እኔም አፌን ለጎምኩ፣ ምላሴ እየበላኝ። አንድ ቃል ብናገር ሁሉም ዝም ይል ነበር፤ ግን ለሱ በልጁ ነገር ከማፈር ስድቡ ይሻለው ነበር። ኮፍያውን አንስቶ "ነገ ፖስታ ቤት እሄዳለሁ፤ ማየት የፈለገ ይምጣ" አለና ወጣ።

ማታውኑ በሩ ላይ ያዝኩት። "ጋሼ፣ በሞቴ ተው። ኩክ ይሳቅ፤ የሱ ሳቅ ምን ይሆናል?"

"አራት ዓመት ሙሉ አልደወለም፣ ማልጃ። የእኔ ቁጥር ከሱ ጋር መኖሩን የሚያውቅም አይመስለኝ። ከንቱ ሽማግሌ ነኝ፤ ለባዶ ወንበር ነው የምከፍለው።"

"አንተስ ደውለህለታል?"

"አባት ነኝ እኮ!" አለ። አይ ወንዶች! ደሜን ያፈሉታል። በሩን ዘጋብኝ።

በማግስቱ አብሬው ሄድኩ፤ ብቻውን እንዲሄድ አንጀቴ አልቻለም። ኩክም ምስክር ነኝ ብሎ ከነሽርጡ ተከተለን። ፀሐፊዋ ጋሼ ታክን ስታይ "ዛሬ ማንን አመጡ አባባ?" አለች።

"ራሴን።"

ልጅቷ ደስ አላት። "እሰይ! ለእርስዎ ያልተገደበ ጥሪ ያለውን ላድርግልዎ፤ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ነው።"

"መቶ ደቂቃ ያለውን ስጪኝ።"

"አባባ፣ መቶ ደቂቃ ለወር አይበቃም። ከዚያ ካለፉ በየደቂቃው ያስከፍልዎታል፣ እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ ለሰው ሁሉ..."

"ማን ይደውልልኛል? እኔስ ለማን ልደውል? መቶው ይተርፈኛል" አለ። ሌሎቻችንን ሲያስመዘግብ ከማን ጋር ምን ያህል እንደምናወራ አንድ በአንድ ይጠይቀን የነበረ ሰው የራሱን እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ኩክ እንኳን ቀልዱን ትቶ ሽርጡን ይጠራርግ ጀመር።

ቁጥሩ የድሮው ሆኖ፣ ሲም ካርዱ ከሁለት ቀን በኋላ በፖስታ መጣ። ጋሼ ታክ አሮጌውን ሲም አውጥቶ አዲሱን ካስገባ በኋላ፣ ሁላችንንም እየደጋገመ ያስተማረንን ነገር አላደረገም፦ ስልኩን መልሶ አላበራውም። በኋላ ስጠይቀው "የሚደውል ከሌለ ባትሪ ለምን ይለቅ?" አለኝ። መሳቢያ ውስጥ ወርውሮት ወደ ግድግዳ ዞሮ ተኛ። በጠራራ ፀሐይ! እኔ ጋም ሳይመጣ ዋለ፤ ወንበሯ ባዶዋን ቀረች።

ከሰዓት በኋላ የአበባ ቤት መኪና መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። በመስታወቴ እያየሁ ነው። ሰውዬው ከኋላ ያወረደው ምን መሰላችሁ? ሦስት ደርብ የሆነ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ነጭ የለቅሶ አበባ። ጥቁር ጽሑፍ ያለበት ሪባን በግራና በቀኝ ተንጠልጥሎበታል። የያዝኩት ቢጎዲን ከእጄ ወደቀ።

"ጋሼ ታክ ሞተ!" ብዬ ጮህኩ።

ሁላችንም ወጣን። እትዬ ፒዮ ራሷ ላይ ፕላስቲክ እንደደፋች፣ ሌሎቹ ቀለሙ በአንገታቸው እየወረደ፣ ኩክም ከማዶ የአሳ መጥበሻ መቆንጠጫውን ይዞ እየሮጠ መጣ። "እኔ ነኝ የገደልኩት! በሲኒማ ነገር!" እያለ ያለቅሳል። በሩን በእጅም በእግርም ደበደብን።

በሩ ተከፈተ። ጋሼ ታክ በውስጥ ካናቴራው፣ ዓይኑን እያሸ፣ "ምንድን ነው? እሳት ተነሳ?" አለ።

ኩክ ቁጭ አለ መሬት ላይ። "አልሞትክም?"

"ልሙትልህ?" አለው ጋሼ ታክ። ከዚያ አበባውን አየ። ለቅሶው የት እንደሆነ ሊጠይቅ ነው መሰለኝ ሪባኑን በእጁ ዘርግቶ አነበበ። በግራው "ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ" ይላል፣ የሟች ስም የለውም፤ የእኛ አገር ሪባን የሟች ስም አይጻፍበትም። የላኪው ስም ግን በቀኙ አለ፦ "የቶንግሶል ሊፍት ጥገና ሠራተኞች"።

የዱሆ መሥሪያ ቤት ነው።

ጋሼ ታክ ሪባኑን እንደያዘ ቀረ። ከንፈሩ ነጣ። "ልጄ" አለ። እኔና እትዬ ፒዮ በብብቱ ገብተን ያዝነው። "ስልኬ... ስልኬ መሳቢያ ውስጥ..." እያለ ነው። ኩክ ሮጦ አመጣለት። ማብሪያውን አጥቶት እኔ ተጫንኩለት። ያ የተረገመ ስልክ ለመብራት የሚፈጀው ጊዜ! እንኳን ደህና መጡ ይላል፣ ያንጸባርቃል፣ ዘፈን ይዘፍናል። ሰው ሊሞት ነው እኮ!

ገና ከመብራቱ ጮኸ። ዱሆ ነው።

የጋሼ ታክ ስልክ ለደካማ ጆሮ ስለተስተካከለ ሁላችንም ሰማን። ከዚያኛው ጫፍ የሚያቃስት ትንፋሽ መጣ፤ ከዚህኛውም እንደዚያው። ከዚያ ሁለቱም ባንድ አፍ "በሕይወት አለህ?" ተባባሉ።

"እኔማ አለሁ!" አለ ጋሼ ታክ። "አንተ ነህ እንጂ የሞትከው! አበባህ መጥቷል!"

"የምን አበባ? አንተ ነሃ የሞትከው! 'ከጥቅልዎ አንድ መስመር ተቋርጧል' የሚል መልእክት መጣልኝ! እማዬ የሞተች ጊዜ መስመሯ ሲዘጋ የመጣው መልእክት እኮ ነው! ስደውል ስልክህ ዝግ፣ ስደውል ዝግ! ለአለቃዬ አባቴ ሳይሞት አልቀረም ብዬ ነው ጥዬ የወጣሁት። አድራሻ ሲጠይቀኝ ሰጠሁት። እሱ ነው አበባውን... ስልክህን ለምን ዘጋኸው?"

ጋሼ ታክ ምን ይበል? "ባትሪ ለመቆጠብ" አለ።

ከዚያ ታክሲ ከመንገዱ አፍ ታጥፎ መጣና አበባው አጠገብ ቆመ፤ ዱሆ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ወረደ። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ክራቫቱም ጥቁር። ቆርጦ ነው የመጣው። አባቱን በካናቴራ፣ እኛን በቢጎዲን፣ ኩክን በመቆንጠጫ አየ። ሁለቱም ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆመው አሁንም በስልክ ያወራሉ።

"ለምን ቆረጥከኝ?" አለ ዱሆ። ድምፁ ሁለት ጊዜ ተሰማ፣ ካፉም ከስልኩም።

"አልቆረጥኩህም። ወደ ቆጣቢ ስልክ ዞርኩ። አንተስ ጓደኞችህ ሁሉ አልዞሩም? እዚያ ውድ ኩባንያ ምን ትሠራለህ? ብኩን!"

"የቀረነው ሁለት፤ እኔ ብወጣ ጥቅሉ ይፈርሳል ብዬ ነዋ።"

"ቢፈርስስ?"

"ቢፈርስማ ከዚያ ወዲያ ምን ይቀረናል?" አለ ልጁ፣ ስልኩን ከጆሮው አወረደ።

እኔ አለቀስኩ፣ አልዋሽም። እትዬ ፒዮም አለቀሰች፤ ፕላስቲኩ ላይ ይንጠባጠባል። በዚህ መሃል ኩክ ምን ነክቶት እንደሆነ አላውቅም፣ በጣቱ እየቆጠረ ቆይቶ፣ "ቆይ፣ ቆይ፣ ሁለታችሁም በየወሩ በከንቱ ትከፍሉ ነበር ማለት ነው? እናንተ ሰዎች፣ በዚህ ገንዘብ እኮ አንድ ምርጥ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይገዛ ነበር!" አለ።

የማሽኑን ነገር አያውቅም፤ ሰፈር የገባው ከዚያ በኋላ ነው። በፎጣ ልለው እጄን ሳነሳ፣ መጀመሪያ የሳቀው ዱሆ ነው። ሆዱን ይዞ፣ እንባው እየወረደ። ጋሼ ታክ ልጁን አየው፣ አየው፣ እሱም ጀመረው። ከዚያ ሳቁ ተበላሸበትና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "በእጇ ነው ያጠበችው" አለ። "አውቃለሁ። በየቀኑ አውቀዋለሁ።" ዱሆ መጥቶ አቀፈው፤ እኛም የሴቶቹ ፀጉር በቀለሙ እንዳይቃጠል ወደ ፀጉር ቤቱ ገባን።

አበባው ይጣላል ብላችሁ አስባችሁ ይሆናል። ጋሼ ታክ አበባ ይጥላል? "ገና ትኩስ ነው፤ ለእናትህ እንውሰድላት" አለ። በማግስቱ ሁለቱ ሦስት ደርቡን አበባ ተሸክመው የከተማ አውቶቡስ ሲሳፈሩ አየሁ። ዱሆ ታክሲ ልጥራ ቢለው አሻፈረኝ አለ። ሹፌሩ የድሮ የሥራ ጓደኛው ስለሆነ የኋላውን በር ከፈተላቸው፤ ተሳፋሪው ሁሉ ማዘን እንዳለበትና እንደሌለበት ግራ ገብቶት ነበር።

ማሽኑም መጣ። ተቀበለው። ውሃ ይበላል እያለ ግን ለሚሰማው ሁሉ ያማርራል።

ወሩ ገና ሳይጋመስ፣ ያችው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ያችው ስልክ በእኔ መብራት ቻርጅ ስትደረግ መልእክት ገባ። ቤቱ ሙሉ ነበር፣ ኩክም ነበር። ጋሼ ታክ አንስቶ አየውና ለእኔ ዘረጋልኝ። "መነጽሬን ረስቻለሁ፣ ማልጃ። ምን ይላል? ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።"

መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነበር። ምንም አላልኩም፤ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

"'ክቡር ደንበኛችን፣ የወር መቶ ደቂቃዎን ጨርሰዋል።'"

"አሁንም አንዴ" አለ ጋሼ ታክ።